በሁለት ጆሮ ዙሪያውን ስለ መስማት

በጨዋታው ዓለም ውስጥ ከበስተኋላው እያደባ የሚቀርበውን ባላጋራ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል በጆሮው ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ተጫዋች፣ ይህን ችሎታ ከገዛው የጆሮ ማዳመጫ ያገኘው ይመስለዋል፤ ፋብሪካውም በካርቶኑ ላይ ድምፅን ከዙሪያው ያስደምጣል የሚያሰኘውን የ7.1 ቍጥር በጉልህ አትሞ እምነቱን ያጸናለታል። ዳሩ ግን ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር፣ ምሥጢሩ ያለው ከማዳመጫው ይልቅ በሰው አፈጣጠርና በመጫወቻው መሣሪያ ዘንድ ነው።

የሰው ልጅ በሁለት ጆሮዎች ብቻ አራቱን ማዕዘንና ላይ ታቹን ለይቶ ይሰማል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኙን ጆሮ ቀድሞ፣ ግራውን ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰች ቅጽበት ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ የራስ ቅልም በመካከል ስለሚጋርደው ቀጭኑ ድምፅ ወደ ራቀው ጆሮ ደክሞ ይገባል፤ አእምሮም ይህንኑ መዝኖ አቅጣጫውን ይፈርዳል። ነገር ግን ልክ በፊት ለፊትና ልክ በጀርባ የተሰማ ድምፅ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ስለሚደርስ፣ እነዚህን የሚለየው የውጭው ጆሮ እጥፋት ነው፤ ይህም ድምፁ እንደ መጣበት ወገን አንዱን ቃና አጕልቶ ሌላውን አድክሞ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። የእጥፋቱም መልክ በየሰዉ ልዩ ልዩ ነው።

መጫወቻው መሣሪያ እንግዲህ ይህንኑ የተፈጥሮ ሥራ በስሌት ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ቴምፔስት የተባለ ለድምፅ የተመደበ ክፍል አለው፤ አስልቶ ያዘጋጀውንም ድምፅ በጆይስቲኩ ላይ ባለችው የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ በኩል ለማናቸውም ተራ ማዳመጫ ይሰጣል፤ የሰው ጆሮ አንድ ዐይነት አለመሆኑንም በማሰብ፣ ልዩ ልዩ ድምፅ እያስደመጠ ተጫዋቹ ለገዛ ጆሮው የሚስማማውን አቀራረብ እንዲይዝ ያደርገዋል። ኤክስቦክስ የተባለው መጫወቻም ይህን የመሰለ ስሌት የሚሠሩትን ዊንዶውስ ሶኒክን በነጻ፣ ዶልቢ አትሞስን ደግሞ በክፍያ ያቀርባል።

በየጆሮው ብዙ ትንንሽ ስፒከር የተደረደረባቸው ማዳመጫዎች ቢኖሩም፣ በዚያች ጠባብ ስፍራ ለመግጠም ሲባል እያነሱ ጥራታቸው ስለሚጓደል፣ በእኔ አስተያየት ሁለት መልካም ስፒከሮች ይበልጧቸዋል። አብዛኛው 7.1 የተጻፈበት ግን ሁለት ስፒከር ብቻ ይዞ ዙሪያውን በስሌት የሚያስመስል ነውና፣ መሣሪያው አስልቶ በላከው ድምፅ ላይ ማዳመጫው የራሱን ስሌት ሲደርብበት፣ ባለቤቲቱ ጨው መጨመሯን ሳያውቅ ዳግም የሚጨምር እንግዳ ወጡን እንደሚያበላሸው፣ አቅጣጫው ሁሉ ይደበላለቃል። ከሁለቱ አንዱን ማጥፋት ግድ ነው፤ የሚጠፋውም የማዳመጫው ቢሆን ይሻላል።

ገመድ አልባ ለሚሻ ሰው ከቍጥሩ ይልቅ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመጫወቻ መሣሪያው ስም ይበልጥበታል። ፕሌይስቴሽን 5ም ኤክስቦክስም ተራውን የብሉቱዝ ማዳመጫ በቀጥታ አይቀበሉም፤ ኤክስቦክስ በራሱ የሬዲዮ ሥርዓት ስለሚሠራ፣ ለሌላው የተሠራው የዩኤስቢ መቀበያ ብዙ ጊዜ ለእርሱ አይሆንም። ኒንቴንዶ ስዊች ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብሉቱዝን ቢፈቅድም፣ የብሉቱዝ ድምፅ ከሥዕሉ ወደ ኋላ ስለሚቀር ለፈጣን ጨዋታ አይመከርም።

ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ማዳመጫዎች ድምፁን ሰፊና የተፈጥሮ ያስመስሉታል፤ ሆኖም የውጭውን ጫጫታ አይከለክሉምና፣ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን በሚጮኹበት በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ዝጉን መምረጥ ይበጃል። ጫጫታን ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ማድረግም ልክ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይደመጥ ያስጠነቅቃል፤ የተኩስ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ይህን ያስተውል።

አንባቢዬም ገንዘብህን ከማውጣትህ አስቀድሞ በቤትህ ያለውን ባለ ገመድ ማዳመጫ በጆይስቲኩ ላይ ሰክተህ፣ የመሣሪያውን የድምፅ ምርጫ ከፍተህ አንድ ምሽት ተጫወትበት፤ የጎደለህን ለይተህ ካወቅህ በኋላ ብቻ ወደ ሱቅ ሂድ።