የናፍጣ ሞተር የነዳጅ መርጫና የቱቦዎቹ ስያሜ

ከደብረ ማርቆስ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው ጎዳና የሚመላለስ ያረጀ የጭነት መኪና የነዳጅ መርጫው ሲለወጥ፣ ሁለት ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ የጋራዥ፣ ሁለተኛው የጥገና መመሪያ ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ መመሪያውን የሚተረጉም ሰው ከሁለቱ መካከል እንዴት ቃል መምረጥ እንደሚገባው ነው።

የጋራዡ ቋንቋ ከጣልያንኛ ብዙ ተውሷል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ናፍጣ ከዚያ የመጡ ናቸው። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው የጭነት መኪና እንኳ «ኤንትሬ» የተባለው፣ ፊደሉና ቁጥሩ በጣልያንኛ ስለተነበቡ ነው። እነዚህ ቃላት ሥር ሰደዋልና እንንቀላቸው አንልም። በአንጻሩ «መፍቻ» ፈታ ከሚለው ግስ ወጥቶ ያለ ማንም አዋጅ ጸንቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ተርጓሚው መዝገበ ቃላትን ብቻ ሲከተል ነው። ነዳጅን በግፊት ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውን ክፍል «የነዳጅ መርፌ» ቢለው፣ ሐኪም ቤትን ከማስታወሱም በላይ፣ በክፍሉ ውስጥ በእርግጥ መርፌ የሚመስል መክፈቻና መዝጊያ ስላለ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «መርፌ» ለውስጠኛው ብቻ ይቆይ፤ ሙሉው ክፍል ግን «የነዳጅ መርጫ» ይባል እንላለን። ፈታ «መፍቻ»ን እንደሰጠ፣ ረጨም «መርጫ»ን ይሰጣል። በቆሎና በርበሬ የሚያለማ የምዕራብ ጎጃም ገበሬም የፀረ ተባይ ርጭትን ስለሚያውቅ ቃሉ አይከብደውም።

«ቱቦ» በሚለው ቃል ግን ጉዳዩ ከውበት ያልፋል። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ሦስት ዓይነት ቱቦ አለ። የመጀመሪያው ነዳጁን ከታንከር በማጣሪያው በኩል ወደ ፓምፑ ያደርሳል፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው ከፓምፑ ወደ መርጫው የሚሄድ የብረት ቱቦ ሲሆን፣ መርጫው የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ሦስተኛው ትርፉን ወደ ታንከር ይመልሳል። መመሪያው ሁሉንም «የነዳጅ ቱቦ» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው የላስቲኩን በብረቱ ቦታ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ «አድራሽ ቱቦ»፣ «የግፊት ቱቦ»ና «መላሽ ቱቦ» ብለን እንለያቸዋለን። ከግፊት ቱቦ ስንጥቅ የሚፈተለክ ነዳጅ ቆዳን ይበሳልና፣ «ቀዳዳውን በእጅህ አትፈልግ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የትኛውን ቱቦ እንደሚመለከት መታወቅ አለበት።

ቱቦዎቹ ከተለወጡ በኋላ የገባው አየር ካልወጣ ሞተሩ አይነሳም። ይህን ሥራ የእንግሊዝኛው መመሪያ ከደም መፍሰስ ጋር በተያያዘ ግስ ይጠራዋል፤ በቀጥታ «ማድማት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግን አንባቢውን ግራ ያጋባል። መካኒኩ የሚለው «አየር ማስወጣት» ነው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

በአጠቃላይ፣ በጋራዥ የጸናውን ቃል መቀበል፣ አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲውል መለየት፣ አዲስ ቃል ሲያስፈልግም ከታወቀ ግስ ማውጣት ይገባል። የትርጉሙ ፈራጅ መፍቻውን የያዘው ሰው ነው።