ጨለማ ክፍል የነበረው ፎቶ ቤት

የፎቶ ቤት እንጀራ ከካሜራ ሽያጭ ይልቅ ከፊልም እጥበት የሚገኝ ነበር። ካሜራ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል፤ ባለ 36 ፊልም ግን ለአንድ ሠርግ እንኳ አይበቃም። ደንበኛው ፊልም ይገዛል፣ ያሳጥባል፣ ያሳትማል፣ ለዘመድ የሚሰጥ ተጨማሪ ቅጂ ብሎ ደግሞ ይመለሳል። ቤቱን ያቆመው ይህ ምልልስ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀይ መብራት ይታተማል፤ ወረቀቱ የተቀባው የብር ውህድ ቀይ ብርሃን አይነካውም። የኔጋቲቩ ምስል ለጥቂት ሰከንዶች ከበራበት በኋላም ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ነው። ዴቨሎፐር የተባለው ኬሚካል ባለበት ሳህን ውስጥ ገብቶ ሳህኑ ቀስ ተብሎ ሲወዛወዝ ግን መጀመሪያ ጥቁሩ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ በመጨረሻ የነጠላው እጥፋት ብቅ ይላል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ሂደቱን ያስቆመዋል፤ ፊክሰር ደግሞ ብርሃን ያላገኘውን ብር ያስወግዳል። ይህን የመሰለ እጅ በመጽሐፍ አይገኝም፤ አጠገብ ቆሞ የሚለመድ ነው። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል።

ይህን ሥራ ያቀዘቀዘው ዲጂታል ካሜራ የተወለደው እዚያው ፊልም አምራቹ ኮዳክ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተናጉ። በ2005 የጀርመኑ አግፋፎቶ ከሰረ፤ ኮዳክም የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ማምረት አቆመ። በ2012 ኮዳክ ራሱ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ፊልምና ወረቀት በትልልቅ ማሽን በገፍ ካልተመረቱ አያዋጡም። ዴቨሎፐርም አንዴ ከተከፈተ አየር ያበላሸዋል፤ ይጠቁራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ደንበኛ ብቻ የሚመጣለት ፎቶ ቤት ዕቃውን ቢያገኝ እንኳ ሳይሸጥ ይበላሽበታል። ለብዙዎቹ የቀራቸው ጉርድ ፎቶና የሠርግ ሥራ ነው።

ሁሉም ግን አልጠፋም፤ የእንግሊዙ ኢልፎርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ከደረሰበት ኪሳራ ተርፎ ዛሬም ፊልም፣ ወረቀትና ኬሚካል ያመርታል። በየቤቱ ከአልበም ጋር የተቀመጠ ኔጋቲቭም ካልሻገተና ካልተጫረ አሁንም ፎቶ ይወጣዋል። አሮጌ ነው ተብሎ አይጣል፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።