ከዋንጫው በፊት የሚመጣው ጨዋታ፦ መቐለ እና የማስተናገድ ጥያቄ

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አስተናግዳለች። በመጀመሪያው የተካፈሉት አራት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ አዲስ አበባ ብቻዋን ቻለችው፤ በሁለተኛው አስመራ፣ በሦስተኛው ድሬዳዋ ታከሉ። ዛሬ ውድድሩ 24 ቡድኖች አሉት። ኮትዲቯር በ2016 ዓ.ም. ስታዘጋጀው በአምስት ከተሞች ስድስት ስታዲየሞች አሰልፋለች። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የእ.ኤ.አ. 2029ን ዋንጫ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ኋላ ዑደቱን ሲለውጥ ወደ 2028 የተሳበውን፣ ላዘጋጅ ብላ ስትጠይቅ ጉዳዩ በአንዲት ከተማ የሚያልቅ አይደለም። 60 ሺህ ገደማ ተመልካች እንዲይዝ የተወጠነ ስታዲየም ያላት መቐለ በዚህ ወሬ ውስጥ ስሟ መነሳቱ አይቀርም። መቐለ ከአስተናጋጆቹ ዝርዝር መውጣት እንደሌለባት አምናለሁ። ሆኖም ከዋንጫ ይገኛል ተብሎ የሚነገረው ጥቅም አብዛኛው የሚገኘው ከዋንጫው ወር ሳይሆን ከዚያ በፊትና በኋላ በየሳምንቱ ከሚደረገው ተራ ጨዋታ ነው። መቐለም አስቀድማ ልትጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

በገንዘቡ እንጀምር። ከትልቅ ውድድር ዋናው ገቢ የቴሌቪዥን መብትና የስፖንሰር ክፍያ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው የሚገባው ወደ ውድድሩ ባለቤት፣ ወደ ካፍ ወይም ወደ ፊፋ ነው። ለከተማዋ የሚቀረው የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የታክሲ ገቢ ነው፤ ወጪው ግን የመንግሥት ነው። ለግንባታው ሲሚንቶው ከመሰቦ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል፤ የፓውዛ መብራቱ፣ የውጤት ሰሌዳው፣ የካሜራና የመቆጣጠሪያ መሣሪያው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ለስታዲየም ከሚወጣው ብር ከፊሉ በከተማዋ ገበያ ሳይዞር ከአገር ይወጣል። ትንበያና ውጤት አለመገጣጠማቸውም አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ለእ.ኤ.አ. 2010 የዓለም ዋንጫ ከ400 ሺህ በላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ተተንብዮላት የመጣው 310 ሺህ ገደማ ነበር። ሮበርት ባዴ እና ቪክቶር ማቲሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የአሜሪካን የእ.ኤ.አ. 1994 ውድድር መርምረው፣ በቢሊዮን ዶላር ትርፍ ይጠብቁ የነበሩት አስተናጋጅ ከተሞች በድምሩ ከሚጠበቀው ዕድገት በታች መውረዳቸውን ጽፈዋል። አንዱ ምክንያት የኳስ እንግዳ ሌላውን እንግዳ ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። ይህ ለመቐለ የሩቅ ስጋት አይደለም። ከትግራይ ጦርነት በፊት ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ የሚወርደው፣ የገርዓልታን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያየው ቱሪስት መነሻው መቐለ ነበረች፤ ደናክል የሚጎበኘው ደግሞ ሙቀቱ በሚቀንስበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ በብዛት የሚደረግበት ጥርም እዚያው መሐል ይወድቃል።

ከውድድሩ ወር በኋላ ያለው ዘመን ደግሞ ይረዝማል። ብራዚል ለእ.ኤ.አ. 2014 የዓለም ዋንጫ በአማዞን መሐል በምትገኘው ማናውስ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠርታ አራት ጨዋታ አደረገችበት፤ ከተማዋ ግን በአንደኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ አልነበራትም። እዚህ ላይ መቐለ ከማናውስ ትሻላለች፣ ያውም በብዙ። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ፣ ስታዲየም የሚሞላ ሕዝብ ያለው ክለብ ነው። የትግራይ ስታዲየምም ግንባታው ሳይጠናቀቅ ጨዋታ የለመደ ሜዳ ነው። ክለቡና ደጋፊው ስላሉ ችግሩ የሕንፃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ከከተማዋ መራቁ ጭምር ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱት በ2017 ነው። በመካከሉ ሊጉ ራሱ መልኩን ለውጦ ነበር። ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ተጫውተው ወደ ሌላው መዘዋወር ጀመሩ፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር በዚህ ሥርዓት አስተናግደዋል። ክለቦቹ ከነአሠልጣኞቻቸው ለሳምንታት ሆቴል ይይዛሉ፣ ይበላሉ፣ ልብስ ያሳጥባሉ፣ አውቶቡስ ይከራያሉ። ከዓለም አቀፍ ውድድር ይጠበቅ የነበረው የሆቴልና የሻይ ቤት ገቢ ያለ አዲስ ስታዲየም ዕዳ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ክርክሩ በገንዘብ አያልቅም። አስተናጋጅነት ሕዝብን ያቀራርባል፣ የተጎዳን መንፈስ ያነሳል የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፣ በተለይ ከእንዲህ ያለ ጦርነት በኋላ። ማስረጃ አለው፤ ነገር ግን ማስረጃው የሚያመለክተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የወጣ የዴፔትሪስ ሾቫን፣ የዱራንቴና የካምፓንቴ ጥናት፣ ብሔራዊ ቡድናቸው ካሸነፈ በኋላ ባሉት ቀናት የተጠየቁ አፍሪካውያን ከጨዋታው በፊት ከተጠየቁት ይልቅ ራሳቸውን በብሔር ማንነት መግለጻቸው እንደሚቀንስ፣ በሌላው ብሔር ላይ ያላቸው እምነትም እንደሚጨምር አሳይቷል። ለአፍሪካ ዋንጫ ለጥቂት ያለፉ አገሮች ለጥቂት ከቀሩት ይልቅ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ያነሰ ግጭት አይተዋል። ጥናቱ የለካው የቡድንን ድልና ማለፍ ነው፤ ማንስ አስተናገደ የሚለው በውስጡ የለም። ድልም የግድ በአገር ሜዳ አይገኝም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ በአገራቸው የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ስላልነበረ።

ለመቐለ ይበልጥ የሚቀርበው የቡዋኬ ታሪክ ነው። ይህች የኮትዲቯር ከተማ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የአማፅያኑ መቀመጫ ነበረች። በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በዲዲየር ድሮግባ ግፊት ብሔራዊ ቡድኑ ከማዳጋስካር ጋር የነበረውን የማጣሪያ ጨዋታ እዚያው ተጫውቶ 5 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው የተደረገው ቀድሞ በነበረ ስታዲየም ነው። ከዚያም በፊት፣ በመጋቢት፣ ተፋላሚዎቹ ዋጋዱጉ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርመው ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ቡዋኬ የተመለሰው ከ16 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፦ ስምምነቱ፣ አንዱ ጨዋታ፣ ከዚያ ረጅም ዓመታት፣ በመጨረሻም ዋንጫው።

«ቀነ ገደብ ካልተቆረጠ በዚህ አገር ምን ይሠራል?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነትም አለበት፤ ዓመታት የተንከባለለ መንገድና ሆስፒታል ለእንግዳ ሲባል ሲያልቅ ታይቷል። ግን ቀነ ገደቡ ብቻውን ምን እንደሚሆን ከራሳችን አይተናል። በ2010 ዓ.ም. ካፍ የእ.ኤ.አ. 2020ን ቻን፣ ማለትም በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚካፈሉበትን የአፍሪካ ውድድር፣ ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በ2011 ዝግጅቱ ስላልደረሰ ውድድሩ ወደ ካሜሩን ሄደ። አስተናጋጅነቱ ሲቀር ቡድኑ በማጣሪያ ማለፍ ግድ ሆነበት፤ በመስከረም 2012 ደግሞ እዚሁ መቐለ ላይ በሩዋንዳ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወደ ውድድሩም ሳይሄድ ቀረ። ለቡድኑ ጥራት የሚያስፈልገው የዕለት ተዕለት ሥራ በስታዲየም ቀነ ገደብ አይተካም። ስታዲየሙ መድረሱም ብቻውን አይበቃም፤ በጥር 2014 ዓ.ም. በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞተዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ዋንጫው አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ሲገባ መቐለን መተው ራሱ ቁስል ነው» ይላል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም ነው መቐለ ከዝርዝሩ መውጣት የለባትም ያልኩት። ግን ዝርዝር ውስጥ መግባት ሌሎች ጉዳዮችን ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ የሚያመጣው ቁስል የባሰ ነው። የውኃ እጥረት በቦቴ በሚታለፍባት፣ ተፈናቃዮች በ70 ካሬ መጠለያ በቆዩባት፣ ዓይደር ሆስፒታል በጦርነቱ ወቅት መድኃኒት አልቆበት በነበረባት ከተማ ለፓውዛ የሚወጣ ዶላር ጥያቄ ያስነሳል። ብራዚላውያን በ2013 እ.ኤ.አ. «የፊፋ ደረጃ ያለው ሆስፒታል» የሚል ጽሑፍ ይዘው ወጥተዋል፤ የሞሮኮ ወጣቶችም በ2025 እ.ኤ.አ. ስታዲየሞቹ እዚህ አሉ፣ ሆስፒታሎቹ የት አሉ ብለው ጠይቀዋል።

ስለዚህ ለመቐለ የሚቀርበው ዕቅድ ከስታዲየሙ ሥዕል በፊት ሌሎች ወረቀቶች ሊኖሩት ይገባል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የዙር ውድድር መቼ ወደ መቐለ እንደሚያመጣ፣ ፌዴሬሽኑ ሜዳው ሲፈቀድ ቢያንስ አንድ የማጣሪያ ጨዋታ እዚያ እንደሚያደርግ፣ ከውድድሩ በኋላ የሣሩን፣ የመብራቱንና የጥበቃውን ዓመታዊ ወጪ ክልሉ፣ ከተማው ወይስ ክለቡ እንደሚከፍል በስምና በበጀት ኮድ መጻፍ አለበት። ለውድድሩ ተብሎ የሚዘረጋ የውኃ መስመርም ከስታዲየሙ ይልቅ ሠፈሮቹን አስቀድሞ መቁጠር ይኖርበታል፤ ቡድኖቹ ከሄዱ በኋላም ቧንቧውን የሚከፍቱት የሠፈሮቹ ነዋሪዎች ናቸውና።