የዱራሜ እናቶች ያልተቆጠረ ሥራ

ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ባለበት ቤት ማብላት ብቻውን ጥበብ ይጠይቃል፤ ጀርባው ተደግፎ አንገቱ ቀና ካላለ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ ለሳንባ ምች ይዳርገዋል። ተኝቶ የሚውል ሰው በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፣ እጅ እግሩ ካልተፍታታ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በከምባታዋ ዱራሜና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ይህን ሁሉ የምትሠራው በአብዛኛው እናት ናት፤ እሷ ስትደክም ታላቅ እህት ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እንሰት መፋቁ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ ገበያ መውጣቱም እዚያው አለ። ከከምባታና ከሀዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወንድም የሚልከው ገንዘብ ቤት ያሠራል እንጂ የታመመ ሰው አያገላብጥም። ይህ እንክብካቤ የቤተሰብ ፍቅር መሆኑ እውነት ነው፤ ሥራ መሆኑም እንዲሁ። መንግሥት እንደ ሥራ ሊቆጥረው ይገባል።

የሚቆጥርበት መንገድ ደግሞ በእጁ አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሃ ግብር መሥራት የሚችለውን በማኅበረሰብ ሥራ ያሳትፋል፤ ጉልበት የሌለውን ቤተሰብ ያለ ሥራ ይደግፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ የምትንከባከብም ሴት ለጊዜው ከአካፋና ከዶማ ነፃ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። እንግዲህ መርሁ ተቀባይነት አግኝቷል፦ ሰው የሚንከባከብ እጅ ሥራ ፈት አይደለም። የተጎዳው ልጅ አገግሞ እናቱ ወደ እርከን ሥራው ልትመለስ ትችላለች፤ ዕድሜ ልኩን የምታጥበውና የምታጎርሰው ልጅ ያላት ሴት ግን ጤነኛ ጎልማሳ በመሆኗ ብቻ ቤቷ ጉልበት እንዳለው ሊቆጠር አይገባም። የእሷ ነፃነት ቋሚ መሆን አለበት።

«አገሩ ድሃ ነው፣ ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን ድጋፍ በአቅም ይወስነዋል። ነገር ግን አቅም የሚለካው ስንት ሰው እንዳለ ሲታወቅ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ አንድ ገደማ አድርጎ መዘገበ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ደረጃ ከመቶ 16 ይላል። ይህን የሚያህል ልዩነት በጤናችን መብለጥ አይገለጽም። በአጠያየቁና ጓዳ በተደበቁት ልጆች እንጂ። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እነዚህን ጓዳዎች ከማንም በላይ ልታውቃቸው ትችላለች። የአካል ጉዳተኞችን ምዝገባ ለእሷ መስጠት፣ ማብላትንና ማገላበጥንም ለእናቶች እንድታሳይ ማሠልጠን አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም።

ሌሎች ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል ይሠራ ይላሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ያቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ማዕከል የሚሰጠውን ጥቅም ያሳያል፤ ልጆች የምልክት ቋንቋ የሚማሩት እርስ በርስ ሲገናኙ ነው። ሆኖም ያ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጅ ከቤቱ የሚወገድበት ስፍራ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በማኅበረሰብ መካከል መኖርን መብት ያደርገዋል። ከምልክት ቋንቋ ጋር ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ እናቱ ቋንቋውን ካልተማረች መልሶ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ለማዕከሉ የሚወጣው ብር እንኳ ፍሬ የሚሰጠው ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ስትረዳ ነው።

ገንዘብ ፍቅርን ያረክሳል የሚለው ስጋት ግን አያሳምነኝም። ዕድር ለቀብር ገንዘብ ስለሚያዋጣ ኀዘናችን አልቀለለም። ለለቅሶ ድንኳን የሚተክለው ዕድር፣ እናትየው ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ከልጇ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ቢመድብላት መተዳደሪያ ደንቡን በአንድ አንቀጽ ማሻሻል ይበቃዋል።