በጆሮ የሚነበብ ታሪክ

መጽሐፍ በዓይን ብቻ ይነበብ የነበረበት ዘመን አልፎ ዛሬ በጆሮም የሚነበብበት ዘመን ደርሷል። ይህን ለማረጋገጥ ባሕር ተሻግሮ መሄድ አያስፈልግም። ከድሬዳዋ ከዚራ ተነሥቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በቀፊራ ገበያ ውስጥ አንድ ጊዜ መዞር ይበቃል።

የገበያውን ቅስት በሮች አልፋችሁ ስትገቡ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ፣ ሎሚውና ማንጎው፣ ቅመማ ቅመሙና ጫቱ በየረድፉ ተዘርግቶ ታያላችሁ። ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው አንዱ ካንዱ ተደባልቆ ይሰማችኋል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ግን የማይደባለቅ አንድ ድምፅ አለ። ይኸውም ከልብስ ሰፊው መኪና አጠገብ፣ ከባለሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ ከባጃጅ ነጂው ስልክ ውስጥ የሚወጣው፣ ረጋ ብሎ ቃሉን እየመዘነ የሚናገረው የተራኪው ድምፅ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዳምጡት በቤተ መንግሥት ስለ ተዶለተ ምክር፣ ስለ አንድ ጄኔራል አሟሟት ወይም በደርግ ስብሰባ ላይ ስለ ተባለው ነገር ይተርካል።

እኔም ከአድማጮቹ አንዱ ነኝ። ታሪክ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ደግሞ ይህ አዲስ ልማድ የሚሰጠውን ጥቅምና የሚያመጣውን ጉዳት ሳስብ ሰንብቻለሁ። ስለዚህ አሳቤን ለእናንተ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ከአዋጅ ነጋሪ እስከ ስልክ

ታሪክን በጆሮ መቀበል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ አደራ ይጣልበት ነበር። መጽሐፍን በድምፅ ማንበብም ቢሆን ዕድሜ አለው። የኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ባሰማ ጊዜ፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቹ ሊያውቃቸው በቅቷል። በውጭው ዓለም ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ በሸክላ እየተቀረፀ መታደል የጀመረው ለዓይነ ስውራን ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1935 እ.ኤ.አ. የተጀመረው እንዲህ ያለው አገልግሎት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡትን ወታደሮች በማሰብ የተቋቋመ ነው።

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» የስለላንና የመፈንቅለ መንግሥትን ታሪክ ከብዙ አገር እየሰበሰበ አሰምቶናል። በመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ላይም በየዘመኑ ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች በገዛ አንደበታቸው ሕይወታቸውን ተርከዋል። ዛሬ ይህ ሁሉ በስልክ ስለሚገኝ የአዲስ አበባው ጨዋታ ለቀፊራ ሩቅ መሆኑ ቀርቷል። ከዚህም በላይ በዩቱብ በየቀኑ የሚለቀቀው የመጽሐፍ ትረካ ቍጥር የለውም።

የትረካው ውለታ

ስለ ጥቅሙ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ልብስ ሰፊው እጁም ዓይኑም በሥራ ተይዟል፤ ጆሮው ግን ነጻ ነው። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት አንድ ምዕራፍ ይጨርሳል። የመጽሐፍ ዋጋ የወር ደመወዙን ለሚያናጋበት ወጣት ሠራተኛም ትረካ ትልቅ እፎይታ ነው። ማንበብ ያልተማሩት እናትና አባትም ከልጃቸው ጋር አንድ መጽሐፍ ይካፈላሉ።

የሚደመጠውም ነገር ቀላል አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ቀድሞ በሹክሹክታ ብቻ ይወራ የነበረው ብዙ ነገር በመጽሐፍ ወጥቷል። ክፍሉ ታደሰ በ«ያ ትውልድ» የኢሕአፓን ታሪክ ጽፈዋል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ2004 ዓ.ም. «ትግላችን»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ በ2006 ዓ.ም. «እኛና አብዮቱ»ን አሳትመዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ደግሞ ማስታወሻቸውን የጻፉት በእስር ላይ ሳሉ ነበር፤ እርሳቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ተረሸኑ። ሞት በደጁ የቆመበት ሰው የጻፈውን ቃል በምሽት ጸጥታ ሲነበብ መስማት ልብን ይነካል። እንደዚህ ያለውን ስሜት የመማሪያ መጽሐፍ አይሰጥም።

ጆሮ ቶሎ ያምናል

ይሁን እንጂ አንባብያን ሆይ፤ ዓይን ያለው መብት ጆሮ የለውም። ዓይን ሲጠራጠር ወደ ኋላ ተመልሶ ገጹን ይገልጣል፣ የግርጌ ማስታወሻውን ይመለከታል፣ ጸሐፊው ይህን ከየት አገኘው ብሎ ይጠይቃል። ጆሮ ግን ከድምፁ ጋር ይፈስሳል። በአብዛኛው ትረካ የግርጌ ማስታወሻ አይነበብም፤ መቅድሙ ይዘለላል፤ ምዕራፉ ሲያጥርም አድማጩ አይነገረውም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ተራኪው ሳያውቀው ዳኛ መሆኑ ነው። የወደደው ሰው ሲናገር ድምፁን ያለሰልሳል፤ የጠላው ሲመጣ ያጐረናል። ከበስተ ጀርባ ዋሽንት ካስገባ እናዝናለን፤ ከበሮ ካስመታ እንፈራለን። መጽሐፉ ያልፈረደውን ፍርድ ሙዚቃው ይፈርዳል።

በርዕሱም ላይ ችግር አለ። «ለዘመናት የተደበቀው ጉድ»፣ «ማንም ያልሰማው ምሥጢር» የሚል ስም የሌለው ትረካ ማግኘት እየቸገረ ሄዷል። ነገር ግን ምሥጢር ተብሎ ከሚተረከው ብዙው ከታተመ ዓመታት ያለፉት፣ በማናቸውም ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ ነው።

አንድ ቀን በቀፊራ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ ለማሳጠር ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኩ ስለ ልጅ ኢያሱ ይተርክ ነበር። ተራኪው ልጅ ኢያሱ ሰለሙ ተብሎ የተወራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ቀትር ጋኔን አስፈሪ አደረገው። አጠገቤ ጨርቃቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና፣

«አንተ ልጅ፤ ይህ ሰውዬ እስልምና የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ለምን ያጨልመዋል?» ብለው ጠየቁ።

ልብስ ሰፊው ደንግጦ መኪናውን አቆመና፣ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ታሪኩን እንጂ ድምፁን አላስተዋልኩም» አላቸው።

«እኔ ደግሞ ድምፁን እንጂ ታሪኩን አልሰማሁም» አሉ ሽማግሌው።

ሁለቱ የረጅም ዘመን ደንበኞች ስለሆኑ ነገሩ በሣቅ አለፈ። እኔ ግን ልቤ እዚያው ቀረ። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ አማራውና ሐረሪው አንድ ጥላ ሥር በሚነግዱበት ገበያ፣ አንድ የማይታይ ሰው በድምፁ አጨላለም ብቻ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያቀያይም ይችላል።

ለመሆኑ የታሪኩ ነገር እንዴት ነው? ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሥልጣን ሲሻሩ እርሳቸው ሐረር ነበሩ። የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖታቸውን ለወጡ የሚል ነው። ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶግራፍም ተሠራጭቷል፤ ሥዕሉ የተቀናበረ ነው የሚል ክርክር ግን እስከ ዛሬ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች ከእስላሞች ጋር የነበራቸውን ቅርበት እንደ አንድ የመንግሥት ዘዴ እንጂ እንደ መስለም አያዩትም።

አሁን ምስክሮቹን እንመልከት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነገሩን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አልጋ ወራሽ የተባሉት እርሳቸው ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሕይወት ታሪካቸው ዘመኑን ያወሳሉ፤ እርሳቸውም ከሻሪዎቹ ወገን ነበሩ። የተከሰሱት ልጅ ኢያሱ ግን በ1913 ዓ.ም. ተይዘው፣ በመጨረሻም ከድሬዳዋ በማይርቀው በጋራ ሙለታ ታስረው፣ በ1928 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የራሳቸውን ቃል የሚሰጥ መጽሐፍ አላሳተሙም። እንግዲህ ከሳሽ ሁለት መጽሐፍ ጽፎ፣ ተከሳሽ ምንም ሳይጽፍ በቀረበት ችሎት ላይ ተቀምጠን እየሰማን መሆናችንን ካልተነገረን፣ የሰማነው ታሪክ ግማሽ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱም አሟሟት እንደዚሁ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲያርፉ ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ አስታወቀ። ከሥርዓቱ ውድቀት በኋላ የቀረበው የፍርድ ቤት ክስ ግን ታፍነው ተገደሉ ይላል፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ይህን አልተቀበሉም። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ ተገኝቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ይህን ሁሉ አስተያይቶ የሚያስረዳ ትረካ ታሪክ ያስተምራል። ከአንዱ መጽሐፍ አንዱን ገጽ ቀንጭቦ «እነሆ ምሥጢሩ» የሚለው ግን ወሬ ያቀብላል።

ምን እናድርግ?

አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። እኔም አታዳምጡ አልልም፤ ስታዳምጡ ግን ሦስት ጥያቄ በልባችሁ ያዙ። ጸሐፊው ነገሩ በተደረገበት ቀን የት ነበረ? እንዲህ ብሎ በመጻፉ የሚጠቀመው ማን ነው? ሌላውስ ወገን ምን ይላል? እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቍጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሲወጣና በኮሪደር የተወራ ወሬ ሲሰማ እኩል አትመለከቷቸውም። በታሪክም ላይ ይህንኑ ልማዳችሁን ተከተሉ። ተማሪዎችም አንድ ትረካ ልባችሁን ከነካው የመጽሐፉን ስም ጻፉና ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ያንኑ ምዕራፍ በዓይናችሁ አንብቡት። ከተቻለም የተቃራኒውን ወገን መጽሐፍ ጨምሩበት።

ስለ ደራሲው ድካምም እናስብ። በአዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሳያስፈቅዱ ሙሉ መጽሐፍ አንብበው የሚያሠራጩ ሰዎች ዕውቀት እያዳረስን ነው ቢሉም፣ ለነገው ጸሐፊ ብዕሩን እያስጣሉት ነው። አስፈቅዶ የሚተርክና የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ የዘለለውንም ቦታ የሚናገር ተራኪ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። የምናዳምጥበት ስልክ መቅረጽም ይችላል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምድር ባቡር ያገለገሉ፣ የ1969ን ጦርነት፣ የደርግን ዘመንና የ1998ቱን የደቻቱን ጎርፍ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አሮጌው ባቡር ለአዲሱ ቦታውን እንደ ለቀቀ እነርሱም አንድ በአንድ እየተለዩን ነው። በቤተ መንግሥት የተዶለተውን ለመስማት ሌሊት የምናመሽ ወጣቶች፣ አጠገባችን ያለው አባት ያየውን ሳይናገር ቢሞት ታሪክ እንወዳለን ማለት ይቸግረናል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ትረካ አዳምጡ፤ አንዱንም ሽማግሌ ጠይቁና ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውንም አብራችሁ መዝግቡ።