የድባቴ ሕመምተኛ ሌሊት

እንቅልፍ የአንጎል ሥራ ማቆም ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ መመዝገብ ቻለ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ የተኛ ሰው አንጎል ሲሠራ እንደሚያድር ታውቋል።

ጤናማ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ሞገዱ ቀስ በቀስ እየዘገየ ይሄድና ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል። በተኛ በ90 ደቂቃ ገደማ ግን አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ዓይኖቹ እንደ ተከደኑ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ፤ የአንጎሉም ሞገድ የነቃ ሰው ሞገድ ይመስላል። ይህን አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1953 አስታወቁ። ሕልም በብዛት የሚታየው በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ የሕልም እንቅልፍ ልንለው እንችላለን። ሁለቱ እየተፈራረቁ በሌሊት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመላለሳሉ።

ድባቴ በሚባለው ሕመም የተያዘ ሰው ሌሊት ከዚህ ይለያል። ድባቴ የአንድ ቀን ኀዘን አይደለም፤ ደስታን፣ ጉልበትንና ተስፋን ለሳምንታት የሚነሣ፣ ከለቀቀም በኋላ በብዙዎች ላይ ተመልሶ የሚመጣ ሕመም ነው። በብዙዎቹ ሕመምተኞች ዘንድ የሕልም እንቅልፍ ያለ ጊዜው፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል፤ የዓይኖቹም ሩጫ ይበረታል፤ ጥልቁ እንቅልፍ ግን ያንሳል። ብዙዎቹ ሌሊቱ ሳይነጋ ይነቁና እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። ቀን ሲፈዝዙ ዘመድ «ሰነፎች» ይላቸዋል፤ ስድቡ ግን ያለ ቦታው የተሰነዘረ ነው።

በይበልጥ ልብ የሚባለው ነገር ሕመምተኛው ድኖ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ እንኳ ይህ ለውጥ በአንዳንዶች ዘንድ የሚቆይ መሆኑ ነው። እንዲያውም እንቅልፍ ማጣት ቀድሞ ታይቶ ድባቴው የሚከተልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣትን የሕመሙ ውጤት ብቻ አድርጎ መቁጠር አይገባም። ቀድሞ የታመመ ሰው እንቅልፉ በተከታታይ ሲዛባበት ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠብቅ ለሐኪም ቢናገር ይበጀዋል።

አንድ እንቆቅልሽም አለ። በ1971 ፕፍሉግና ቶለ የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች፣ ሕመምተኞች አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኙ ሲያድሩ በማግስቱ መንፈሳቸው ቀለል እንደሚል ጻፉ። በኋላ በተደረጉ ምርመራዎችም ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ ዓይነት እንደሚሻላቸው ታየ። ነገር ግን በቀጣዩ ሌሊት እንደ ተኙ የአብዛኞቹ ሕመም ይመለሳል፤ ከዚህም የተነሣ ሙከራው ያለ ሐኪም ጥበቃ በቤት ውስጥ አይደረግም።