«ደህና ነኝ» ያለው ሰው

ላንቴ የሙዝ አገር ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት መሐሉን አቋርጦ ያልፋል፤ በአንድ በኩል የጋሞ ደጋ፣ በሌላው የአባያ ሐይቅ። በዚያ አስፋልት ላይ አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ከብቱና ተማሪው ይጋፋሉ። ሄልሜት ሳያደርግ የሚነዳው ብዙ ነው።

ከሞተር የወደቀ ሰው አንዳንዴ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ይነቃል። ልብሱን ያራግፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ቤተሰቡም «እግዜር አተረፈው» ብሎ ያስተኛዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሰዓት ነው።

በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ የአንጎልን ሽፋን የሚመግብ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊበጠስ ይችላል፤ ደሙም በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ይጠራቀማል። የራስ ቅል አይሰፋምና ደሙ በጨመረ ቁጥር የሚጨፈለቀው አንጎል ነው። ሲቲ ስካን ይህን ደም ነጭ አድርጎ፣ እንደ ምስር ፍሬ ሁለት ጎኑ አብጦ ያሳያል። በጊዜ ከተደረሰበት አጥንቱ ተከፍቶ ደሙ ይጠረጋል፤ ብዙዎችም እንደ ቀድሞው ይሆናሉ። ካልተደረሰበት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ከሽፋኑ በታች የሚፈሰው ደም ግን እንደ ማጭድ ታጥፎ ነው የሚታየው። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይጠራቀማል፤ በተለይ አረጋውያንን የሚያጠቃው ይህ ነው። ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው የወደቁ አባት ከሳምንታት በኋላ ስም ይጠፋባቸዋል፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ልጆቻቸው «እርጅና ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን አጥንቱን በትንሹ በስቶ ደሙን በማፍሰስ የሚድን ሕመም ነው። በምስል ላይ ትኩስ ሳለ ነጭ የነበረው ደም በሁለት ሦስት ሳምንት የአንጎልን ቀለም ይይዛል፤ ሲቆይ ይጠቁራል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የወደቁበትን ቀን ካልተነገረው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ሰው የሚጎዳበትም አለ። ጭንቅላት በኃይል ሲናጥ የነርቭ ክሮች ይጎዳሉ፤ ሲቲ ስካን ብዙውን አያሳይም፣ ኤምአርአይ ይሻላል። «ምንም የለም» ተብሎ የተመለሰ ተማሪ ትምህርት ሲከብደውና በትንሹ ሲቆጣ ሰነፍ ልንለው አይገባም።

ሲቲ ስካን የመጀመሪያዋን ታካሚ ጭንቅላት ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን እንጂ ደሙን አልነበረም። በእኛ አገር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና አቤት ሆስፒታሎች ዛሬ ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። ሦስቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ እንደ መንገዱ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሰዓታት የሚገድል ደም ይህን ጉዞ አይጠብቅም።

ስለዚህ ሪፈር ጽፎ መላክ ብቻውን ሕክምና ነው ብዬ አልቀበልም። ለጋሞ ዞን የሚያስፈልገው ቶሎ የማይበላሽ፣ ሲበላሽም ወዲያው የሚጠገን የሲቲ ስካን ማሽን፣ ሌሊትም ምስሉን የሚያነብ ሰው፣ ጭንቅ ሲመጣም አጥንት ከፍቶ ደም ማፍሰስ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ነው። ማሽን ተገዝቶ አንባቢውና ቀዶ ሐኪሙ ከሌሉ ሕመምተኛው የሚያገኘው ፎቶ ብቻ ነው።

የላንቴ ሰው ሆይ፤ ሞተር ላይ ስትወጣ ሄልሜትህን እሰር። ከቤትህ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ከወትሮው ውጭ እንቅልፍ ከጣለው፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም እጅ እግሩ ከዛለ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሰው። ስትደርስም የወደቀበትን ሰዓትና ራሱን ስቶ እንደነበር ለሐኪሙ ንገር።